በሬው በግንቦት እንዳይከሳ

ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ዛሬ ከንባቡ ጋር ትንሽ ሒሳብም አለ። የምንነጋገረው ስለ ሣርና ስለ ከብት ነው።

በደጋው አገራችን በመስከረምና በጥቅምት ከብት ይጠግባል። ሣሩ ይለመልማል፤ ማገጡ ያብባል፤ ላሟም ወተት ትሰጣለች። ከየካቲት በኋላ ግን መስኩ ይራቆታል። ዝናብ ጠብ ሲል ገበሬው ሞፈርና ቀንበር ያነሣል። በሬው ግን የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ቆሟል። ጥቂት ትልም ሄዶ ይተኛል። እርሻው ይዘገያል። እርሻ የዘገየበት ቤት በዓመቱ ምን እንደሚገጥመው እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ሣር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ከሠራው ምግብ ከፊሉን በሥሩ ያስቀምጣል። ከብት ሲግጠው ካስቀመጠው ላይ አውጥቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቅጠል ሳያወጣ ደጋግመን ካስጋጥነው ግን ያስቀመጠው ያልቃል፤ ሥሩ ያጥራል፤ በመጨረሻም ይሞታል። መሬቱ ባዶ ሲሆን ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ትንሽ ቦይ የነበረው ነገ ከብት የሚሰብር ገደል ይሆናል።

ስለዚህ መስኩን ሦስት ወይም አራት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ሲጋጥ ሌሎቹ ይረፉ። የሣሩ ቁመት አራት ጣት ያህል ሲቀር ከብቱን ወደሚቀጥለው አዛውሩ። ዝናብ ሳለ፣ የተጋጠው ክፍል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢያርፍ ያገግማል። አጥር የለንም ትሉ ይሆናል። እረኛው አጥር ነው እኮ! ድንበሩን በድንጋይ ምልክት አድርጉለት። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ጭቃ ሳለ ከብት አታግቡበት፤ ኮቴው ሣሩን ይቀብረዋል።

ከክፍሎቹ አንዱን ለድርቆሽ ከልክሉ። ብዙ ሰው «ሣሩ ይብዛልኝ» ብሎ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይጠብቃል። መብዛቱስ ይበዛል። ነገር ግን ያን ጊዜ ሣሩ ዘር አፍርቶ፣ ግንዱ ደርቆ፣ ገለባ ሆኗል። ከብቱ ሆዱ ይሞላል እንጂ ጉልበት አያገኝም። ጥሩ ድርቆሽ የሚገኘው ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ ዝናቡም ጋብ ሲል ነው፤ በብዙ ደጋ ቦታ ይህ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይሆናል። ያጨዳችሁትን በስሱ አስጡት፤ እያገላበጣችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው። መድረቁን ለማወቅ ጭብጥ ሙሉ ይዛችሁ ጠምዝዙት። እጃችሁን ካረጠበ ገና ነው። እርጥብ ሣር ከተከመረ ይሻግታል፤ ከውስጥ ግሎ እሳት የሚያነሣበት ጊዜም አለ። ክምሩን በእንጨት ቆጥ ላይ አድርጉ፤ ከላይም ክደኑት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ሲደመሩ 90 ቀን ናቸው። 6 ጊዜ 90፣ 540 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሸክም ድርቆሽ 20 ኪሎ ቢመዝን፣ ለአንድ በሬ 27 ሸክም ያስፈልጋል ማለት ነው። ግማሹ የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ ቢሆንም ይቻላል። ቁጥሩን ክምር ስትሠሩ እንጂ በሚያዝያ ብታውቁት ምን ዋጋ አለው?

መኖው ካልደረሰስ? ያን ጊዜ ከብት መቀነስ ነው። ይህ ነገር ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ በበረት ብዛት መከበር የቆየ ልማድ ነውና። እኛ ግን ስምንት ከሲታ ከመያዝ አምስት ጠንካራ መያዝ ይሻላል እንላለን። የምትሸጡትን ሳይከሳ በታኅሣሥ፣ ለገናና ለጥምቀት ገበያ አውጡት። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሥጋ ገበያ ይቀዘቅዛል።

የወል ግጦሽ ከሆነ አንድ ሰው ብቻውን ምንም አያደርግም። እሱ ያሳረፈውን ጎረቤቱ ያስጋጠዋል። በዚህ ነገር የመንዝን ሕዝብ መጥቀስ ይገባል። በጓሳ ሜዳ ሕዝቡ ጠባቂ ሾሞ፣ ሣሩን ለዓመታት ከልክሎ ያቆይ ነበር። የሚከፈትበትንም ቀን በጋራ ይወስን ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ። ቆይቶ ግን ነዋሪው በራሱ ደንብና በራሱ ጠባቂዎች ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። በየቀበሌያችሁም ቢሆን መጀመሪያ መስማማት ያለባችሁ በሦስት ነገር ነው፤ መስኩ መቼ ይዘጋል፣ መቼ ይከፈታል፣ ደንቡን ያፈረሰስ ምን ይቀጣል።

ለመልመጃ ይህን ሥሩ። አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎች አሉት። ለ90 ቀን ከሚያስፈልጋቸው መኖ ግማሹን በጭድ ይሸፍናል። ስንት ሸክም ድርቆሽ ያስፈልገዋል? መልሱን በሚቀጥለው ትምህርት እንሰጣለን።