ዊንዶውስ ቪስታ፤ ሐሜቱና ግብሩ

በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ በቅጡ ሳይመረመር የተወገዘ፣ ከሚያውቁት ይልቅ በማያውቁት ሰዎች አንደበት ስሙ ሲጠፋ የኖረ ሥርዓተ ክወና ቢፈለግ፣ ከዊንዶውስ ቪስታ የሚቀድም የሚገኝ አይመስለኝም። ሥርዓተ ክወና ምን እንደ ሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት ትርፍ ነው፤ ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው፣ ራሙንና ዲስኩን ለሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ዋናው ፕሮግራም ነው ካልን ይበቃል። ማይክሮሶፍት ቪስታን ለድርጅቶች እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2006፣ ለሕዝብ ደግሞ ጃንዩዋሪ 30 ቀን 2007 አወጣው፤ ከዚህ በታች የሚመጡትም ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ከእርሱ በፊት የነበረው ኤክስፒ በ2001 ወጥቶ ከአምስት ዓመት በላይ ብቻውን ሲነግሥ፣ ሰዎች ጠባዩን ለምደው፣ ማተሚያቸውንና ስካነራቸውን ከእርሱ ጋር አስማምተው፣ ጉድለቱንም ጉድለት ማለት ትተው ተቀምጠው ነበር። ቪስታ በዝግጅት ላይ ሳለ «ሎንግሆርን» ይባል የነበረ ሲሆን፣ ሥራው ከመጠን በላይ ተወሳስቦ በ2004 ከሞላ ጎደል እንደ ገና እንዲጀመር በተወሰነ ጊዜ፣ ዊንኤፍኤስ የተባለውን አዲስ የፋይል አያያዝ ጨምሮ ብዙ የተነገረለት ተስፋ ተቆርጦ ቀረ። ስለዚህ ቪስታ ገበያ ሲደርስ «የዘገየ፣ ተስፋውም የጎደለ» የሚል ስም ቀድሞት ነበርና፣ ክርክሩ የተጀመረው ገና ማንም ሳይነካው ነው።

ከነኩት በኋላም ምስክርነቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ከብዶ አልንቀሳቀስ አለ፣ ማተሚያዬንም አላውቀውም አለ» ብሎ ሲያማርር፣ ሌላው «ለዓይን ያማረ፣ ለቫይረስም የማይመች ነው» እያለ ያወድስ ነበር። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር፤ የተናገሩት ስለ አንድ ማሽን አልነበረምና። ቪስታ ከመውጣቱ በፊት በ2006 ነጋዴዎች የያዙት ኮምፒዩተር ሳይሸጥ እንዳይቀር ተብሎ፣ 512 ሜጋባይት ራምና የ800 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ሁሉ «ለቪስታ ብቁ ነው» የሚል ማኅተም እንዲለጠፍበት ተፈቀደ፤ እንደ መስተዋት የሚያሳየውንና በማስታወቂያው የተሞገሰውን «ኤሮ» የተባለ መልክ ለማሳየት ግን አንድ ጊጋባይት ራምና 128 ሜጋባይት የግራፊክስ ማኅደር ያስፈልግ ነበር። የኢንቴል 915 ቺፕሴት የያዙ ላፕቶፖች አዲሱን የግራፊክስ ድራይቨር መሸከም የማይችሉ ሆነው ሳሉ ይኸው ማኅተም ተለጥፎባቸው ተሸጡ። ነገሩ በ2007 በሲያትል ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ሆኖ በቀረበ ጊዜ የማይክሮሶፍት የውስጥ ደብዳቤዎች ወጡ፤ ከነዚህም አንዱ፣ የገዛ ኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት 2,100 ዶላር የከፈለበት ላፕቶፕ ከኢሜይል በቀር ለሌላ እንዳልረባው ሲያማርር የጻፈው ነበር። ፍርድ ቤቱ ከሳሾቹ ሌሎች ገዢዎችን ወክለው እንዲከሱ በ2008 ፈቅዶ በ2009 ፈቃዱን ቢያነሣም፣ ደብዳቤዎቹ ግን ምስጢር ሆነው አልቀሩም። በዚያው መዝገብ በተገለጠ አንድ ሰነድ፣ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች ከመቶ 29 ያህሉ በኤንቪዲያ የግራፊክስ ድራይቨር የመጡ መሆናቸው ተጽፏል። እንግዲህ ደካማ ማሽን የገዛውና ጠንካራ ማሽን የገዛው፣ አዲስ ድራይቨር ያገኘውና ያላገኘው፣ «ቪስታ» በሚል አንድ ስም እየተከራከሩ የሚያወሩት ግን ስለ ልዩ ልዩ ነገር ነበር።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። እርሱም ፈረንጆቹ ዩዘር አካውንት ኮንትሮል የሚሉት፣ ባለሙያው ዩኤሲ ብሎ የሚያሳጥረው፣ ሌላው ሰው ግን «ያ ጥያቄ» እያለ የሚረግመው ነው።

በኤክስፒ ዘመን ሥርዓቱ አዲስ ሲጫን የሚከፈተው የመጀመሪያው አካውንት ባለ ሙሉ ሥልጣን፣ አድሚኒስትሬተር የሚሉት ነበር፤ አብዛኛው ሰውም ሌላ አካውንት መክፈት እንደሚቻል እንኳ ሳያውቅ በዚያው ኖረ። በዚህም ምክንያት ሰውየው የሚከፍተው ጨዋታ፣ ከኢሜይል ጋር የመጣለት ፋይል፣ ከጓደኛው ፍላሽ የቀዳው ፕሮግራም ሁሉ የእርሱን ሥልጣን ወርሶ በዊንዶውስ ፎልደርና በሬጂስትሪው ላይ እንደ ወደደ ይጽፍና ይደልዝ ነበር፤ ውሃ ሊጠጣ ጎራ ላለ እንግዳ ሁሉ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ እንደ ማስረከብ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ይህን ለምደው፣ የጨዋታ ነጥብ ለመመዝገብ እንኳ ሥርዓቱ በሚጠበቅበት ስፍራ መጻፍን መብታቸው አደረጉት።

ቪስታ ይህን ልማድ ሊያፈርስ ተነሣ። ባለ ሙሉ ሥልጣኑ ሰው በገባ ጊዜ ሥርዓቱ ሁለት የሥልጣን ማስረጃ ያዘጋጅለታል፤ አንደኛው ሙሉ፣ ሁለተኛው የተቀነሰ። የዕለቱ ሥራ ሁሉ በተቀነሰው ይፈጸማል፤ ከዚያ የበለጠ ሥልጣን የሚሻ ፕሮግራም ሲመጣ ብቻ ማሳያው ይደበዝዝና ጥያቄው ይቀርባል።

በዚህ መደብዘዝ ላይ ጥቂት ብዘገይ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ከመላው ቪስታ ውስጥ ከፍ ያለ ጥበብ ያየሁበት ስፍራ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ አብዝቶ የተሰደበውም እርሱ ነውና። ብዙዎች ጌጥ ነው አሉ፤ ሌሎችም የግራፊክስ ካርዱ ድካም ነው አሉ። ማሳያው ሲደበዝዝ ግን ሰውየው ከለመደው ዴስክቶፕ ወጥቶ፣ ሥርዓቱ ብቻ ወደሚያዝበት ወደ ሌላ ዴስክቶፕ ተሻግሯል፤ ከጥያቄው በስተ ኋላ ጠቁሮ የሚታየውም ዴስክቶፑ ራሱ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት የተነሣ ሥዕሉ ነው። ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ የሚሻ ሰው ቪዲዮ ከፍቶ ሳለ ጥያቄውን ያስነሣና ይመልከት፤ ተዋናዩ አፉን እንደ ከፈተ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ተንኰለኛ ፕሮግራም በባለቤቱ ፈንታ ማውሱን አንቀሳቅሶ «ፍቀድ» የሚለውን ራሱ እንዳይጫን፣ ወይም በጥያቄው ላይ የሐሰት ሥዕል እንዳይደርብበት ነው። በጥያቄው ራስጌ ያለው ቀለም እንኳ ፍች ነበረው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት የዊንዶውስ የራሱ ክፍል መሆኑን፣ ግራጫው ሠሪው በፊርማ የታወቀ መሆኑን፣ ቢጫው ሠሪው ያልታወቀ መሆኑን ይነግር ነበር። ያንን ቀለም አይቶ የመለሰ ሰው ስንት ነው? አብዛኛው ሳያነብ ጠቅ እያደረገ «አሰለቸኝ» ብሎ ከሰሰ፤ ያላነበቡትን ጥያቄ አሰልቺ ብሎ መክሰስ ምን ዐይነት ፍርድ እንደ ሆነ ለእኔ አይገባኝም።

ጥያቄ ሳያበዛ ያደረገውን ቸርነት ደግሞ ማንም አላየለትም። በአሮጌው ልማድ የተሠራ ፕሮግራም በተከለከለ ስፍራ ልጻፍ ሲል፣ ቪስታ ሳያሳፍረው ጽሑፉን በስውር ወደ ተጠቃሚው የራሱ ፎልደር ያዞርለት፣ ፕሮግራሙም የተፈቀደለት መስሎት በሰላም ይሠራ ነበር። ቨርቹዋልስቶር የሚባለውን ፎልደር ከፍቶ ያየ ሰው እነዚያን የተዘዋወሩ ፋይሎች ተሰልፈው ያገኛቸዋል።

አፕል በ2007 ባወጣው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ ፒሲ በተባለው ሰው አጠገብ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጠባቂ አቁሞ በየንግግሩ መካከል «ሰርዝ ወይስ ፍቀድ» እያሰኘ ዓለምን አሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን የቀልዱ ቀስት ማረፍ የነበረበት ያለ ምክንያት ሥልጣን በሚጠይቁት ፕሮግራሞች ላይ እንጂ በጠያቂው ላይ አልነበረም። በ2008 ከማይክሮሶፍት ሹማምንት አንዱ በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የደኅንነት ጉባኤ ላይ፣ ዩኤሲ የተሠራው ተጠቃሚውን ለማስቆጣት መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። ብዙዎች ይህን እንደ ስድብ ሰሙት፤ ሐሳቡ ግን የተቆጣው ተጠቃሚ ቁጣውን ወደ ፕሮግራም ሠሪው እንዲያዞርና ሠሪውም እንዲታረም ነበር። ደግሞም ሠርቷል፤ በዚያው ዓመት ኩባንያው ባወጣው ሐተታ መሠረት፣ ያንን ጥያቄ የሚያስነሡት ፕሮግራሞችና ተግባራት ቍጥር ከ775,312 ወደ 168,149 ወርዶ ነበር። ዛሬ ፕሮግራሞች ያለ ጥያቄ በሰላም የሚከፈቱልን፣ ያን ጊዜ ሌሎች ስለ ተቆጡልን ነው።

አንድ ጊዜ በአዲስ አበባ አንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጽሑፍ ላስተይብ ተቀምጬ ሳለ፣ ማሽኑን የሚያስተካክለው ወጣት ቪስታውን ከፍቶ ከሁሉ አስቀድሞ ይህንኑ ጥያቄ ሲያጠፋ አየሁት። ለምን እንደሚያጠፋው ብጠይቀው «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ሰው ያስቸግራል እኮ፤ ደንበኛ ቆሞ ‹ፍቀድ አትፍቀድ› ይባላል እንዴ?» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ የአንድ ደንበኛ ፍላሽ ተሰካ፤ በውስጡ የፎልደር መልክ ያለው፣ ስሙ ግን በ«ኢኤክስኢ» የሚያልቅ ነገር ነበር። ልጁ ፎልደር መስሎት ሁለቴ ጠቅ አደረገው። የዚያን ቀን ጽሑፌን ሳልቀበል ወጣሁ።

ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ በ2008 መጨረሻ ዓለምን ያዳረሰበትን ቀዳዳ ለመድፈን ማይክሮሶፍት በኦክቶበር ወር ባወጣው ማስታወቂያ፣ አደጋውን ለኤክስፒ ከሁሉ በላይ በሆነው ደረጃ ሲመድበው ለቪስታ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መድቦታል፤ በቪስታ ላይ በዚያ ቀዳዳ ለመግባት አስቀድሞ የታወቀ ተጠቃሚ መሆን ያስፈልግ ነበርና። ቪስታን አስወግዶ ኤክስፒ ላስጫነ ሰው ይህ ሊነበብለት ይገባ ነበር።

እውነተኛ ጉድለቱን አልሸሽግም። ፋይል ሲቀዳ ያዘግም ነበር፤ በተጠበቀ ስፍራ አዲስ ፎልደር ከፍቶ ስም ለመስጠት አራት ጊዜ ይጠይቅ ነበር። በ2008 መጀመሪያ የወጣው ሰርቪስ ፓክ 1 ቅጂውን አፈጠነ፣ አራቱንም ጥያቄ አንድ አደረገ። በስድስት ዐይነት እትም መሸጡም ገዢን ከማደናገር በቀር ያተረፈው የለም።

በዚያው ዓመት ክረምት ማይክሮሶፍት ስሙን ሊያድስ አንድ ፈተና በሳን ፍራንሲስኮ አደረገ። ስለ ቪስታ ክፉ የሰሙ ሰዎችን ጠርቶ ከዐሥር ስንት እንደሚሰጡት ሲጠይቅ በአማካይ 4.4 ሰጡት፤ ቀጥሎ «ሞሃቬ» የሚባል ገና ያልወጣ ሥርዓት ነው ብሎ አሳያቸውና ሲጠይቃቸው 8.5 ሰጡ፤ በመጨረሻም ያዩት ቪስታው ራሱ መሆኑ ተነገራቸው። ተቃዋሚዎች ወዲያው ተነሡ፤ ማሽኑ ሁለት ጊጋባይት ራም ያለው ጠንካራ ነበር፣ የያዘውም የኩባንያው ሰው ነበር፣ አሮጌ ማተሚያ ይዞ መጥቶ እንዲሰካ የተፈቀደለት አልነበረም አሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ፈተናው ያረጋገጠውን ግማሽ ማንም ሊክደው አይችልም፤ እነዚያ ሰዎች 4.4 የሰጡት ላላዩት ነገር ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ውለታ አለበት፤ ሲወሳለትም አልሰማሁም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቢመዘገብም፣ ሰው ሁሉ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ይጽፍ ነበር፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የኮድ አሰላለፍ ስለ ነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ከዊንዶውስ ሁሉ መጀመሪያ የግዕዝ ፊደልን ከነአማርኛ መጻፊያው በሆዱ ይዞ የመጣው ቪስታ ነው። ፊደሉን ጆን ሀድሰንና ጄራልዲን ዌድ ሲቀርጹት፣ በደጋችን በሚኖረው አጋዘን ስም «ኒያላ» ተባለ፤ የብርዕን አጣጣል የሚመስል፣ በትንሹም ሲጻፍ የሚነበብ መልካም ፊደል ነው። ቪስታን አራግፎ ኤክስፒ ያስጫነ ያገሬ ሰው፣ በእጁ የነበረውን ፊደል ጥሎ የተቀዳ ሲዲ ፍለጋ ሄደ።

ዊንዶውስ 7 ኦክቶበር 22 ቀን 2009 ሲወጣ ትናንት የተሳደበው ሁሉ እልል አለ። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «ቨር» ብሎ የጻፈ ሰው ግን የቪስታ ቍጥር 6.0፣ የሰባቱ ደግሞ 6.1 መሆኑን ያያል፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ ሥርዓት፣ የሥልጣን ክፍፍሉ፣ ፍለጋው ሁሉ የቪስታ ነው። በመካከሉ የተለወጠው የሰባቱ መሻሻል ብቻ አይደለም፤ ድራይቨሮቹ በስለው፣ ራሙም ረክሶ ነበር። ለእኔ ሰባቱ የተቀበለው ምስጋና ከግማሽ በላይ የቪስታ ደመወዝ ነው።

ለቪስታ ይሰጥ የነበረው ጥገና ኤፕሪል 11 ቀን 2017 አብቅቷልና፣ እርሱን የያዘ አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ከኢንተርኔት ጋር ባያገናኘው ይሻላል። ያ ጥያቄ ግን በዊንዶውስ 10ም በ11ም ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። እርስዎ ወይም ማሽኑን የጫነልዎ ልጅ አጥፍታችሁት ከሆነ ዛሬውኑ መልሰው ያስከፍቱት፤ ሲመጣም የፕሮግራሙንና የሠሪውን ስም አንብበው ይመልሱ።