የላዳ ዕቃ ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት
ላዳ የምትነዱ የአሰላና የአርሲ ደንበኞቼ፣ ሩሲያ የድሮውን ላዳ ማምረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። መነሻው ፊያት 124 ስለሆነ የፊያት ዕቃ ሁሉ ይገባል የሚላችሁን አትስሙ፤ ሩሲያኖቹ ሞተሩን ለውጠው ካምሻፍቱን ቴስታታው ላይ አውጥተውታል፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬንም በታምቡር ተክተዋል። የቅርብ ዘመዱ እስከ ዛሬ የሚመረተው ኒቫ ነው። የኒቫው የውሃ ፓምፕ ለላዳም ስለሚገጥም የአዳማ–አሰላን አቀበት ለሚወጣ ሞተር ትልቅ እፎይታ ነው።

ካቴና (የታይሚንግ ሰንሰለት) ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ! የ1200 ሞተር 114 ቀለበት፣ የ1500ና የ1600 ደግሞ 116 ቀለበት ነው። የረዘመው ይላላል፣ ጥርስ ዘሎም ታይሚንግ ያዛባል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ቁጠሩ። የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ብቻ አትውሰዱ፤ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ብሎኩ ላይ የተመታውን አንብቡ።