የሚረሳ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም

«ሀ ሁ»ን ያለ ስህተት የሚወጣ፣ «ደብተርህን አውጣ፣ ቀኑን ጻፍ፣ ከዚያ ደምር» ሲባል ግን ደብተሩን ይዞ ፈዞ የሚቀር ልጅ አለ። እኛ መምህራን እንዲህ ያለውን ስንቴ አንበርክከናል!

የአንዳንዱ ችግር ግን አብሮት የተወለደ ነው። ከ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ትንሽ ቁራጭ ስትጎድል የሚመጣው ሕመም ዲጆርጅ ሲንድሮም ይባላል። ሐኪሙ አንጀሎ ዲጆርጅ ሕመሙን ያመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። መንስኤው ይህች ጉድለት መሆኗ የታወቀው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በሞያሌ በኩል የነበረው የዋልዳ ካምፕ የእኛን ሰዎች ባስጠለለበት ሰሞን ነው። ያኔ ዳስ ውስጥ የሚያስተምር መምህር ከየት ሰምቶ ይወቀው?

ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከወላጅ የወረሱት አይደለም። እናትን መውቀስ፣ እርግማን ነው ማለትም ከንቱ ነው።

እነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ በቃል ያጠኑትን ይይዛሉ፣ ንባብም ይሻላቸዋል። የሚከብዳቸው ሂሳብ፣ ያዩት ነገር የት እንደነበር ማስታወስና ሁለት ሦስት ትእዛዝ ባንዴ መያዝ ነው። ስለዚህ አንዱን ነግረን ሲጨርስ ሌላውን እንንገረው። ቁጥሩን በጠጠር እናሳየው፣ ነገም እንድገመው።

ድምፁ በአፍንጫው የሚወጣ፣ ላንቃው ክፍት የሆነ ወይም ልቡን የሚያመው ልጅ ትምህርትም ከከበደው ክሊኒክ ውሰዱት። የሚያንቀጠቅጠውም ካለ ቶሎ ይታይ፤ ከካልሲየም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ መድኃኒት አለው። የክሮሞሶሙ ምርመራ የትልቅ ሆስፒታል ሥራ ነው።

ወላጆች፣ ሐኪም የነገራችሁን ለእኛም ንገሩን። ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ከሆነ ወደ ፊት እናመጣዋለን።