ላፕቶፕ ሲጠፋ ምን ይጠፋል? የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች የማዕከል አስተዳደርና ጥበቃ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ከመድረሱ በፊት ውርጌሳን ያቋርጣል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ወሎ ዘለቀ። ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ የፌዴራሉ መንግሥት ከተማዋን መልሶ መያዙን ያስታወቀው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነበር። በእነዚያ ወራት በሰሜን ወሎ የሚገኙ ጤና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ ለዘረፋና ለውድመት ተዳርገዋል። ኮምፒዩተሮችም ከተወሰዱትና ከተሰባበሩት ዕቃዎች መካከል ነበሩ።

ኮምፒዩተር ዕቃ ነው፤ በገንዘብ ይተካል። በሃርድ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው የይዞታ መዝገብ፣ የሕሙማን ማኅደር፣ የደመወዝ ሰነድና የተማሪዎች ውጤት ግን ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊደርስበት ይችላል። አንደኛው፣ ሌላ ቅጂ ከሌለው ለባለቤቱ እስከ መጨረሻው መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የማይታሰበው፣ በማይመለከተው ሰው እጅ ገብቶ መነበቡ ነው። እነዚህ ጥፋቶች እንዲደርሱ ደግሞ የግድ ጦርነት አያስፈልግም፤ አውቶቡስ ላይ የተረሳ ቦርሳ ወይም ቫይረስ የተሸከመ ፍላሽ ዲስክ ይበቃል።

በዚህ ጽሑፍ አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ያደላቸውን ላፕቶፖች ከአንድ ማዕከል ሆኖ እንዴት እንደሚያስተዳድርና እንደሚጠብቅ እናብራራለን። በተለይም መብራትና ኔትወርክ በሚቋረጥበት ቦታ ከእነዚህ ዘዴዎች የትኞቹ እንደሚጸኑ እንመረምራለን።

ከሞዴል 22 ወደ ወኪል ፕሮግራም

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ላፕቶፕ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለሠራተኛ ሲሰጥ ደግሞ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። በጀርባው ላይም የንብረት ቁጥር ይጻፍበታል። ይህ አሠራር ዕቃው በማን እጅ እንዳለ በሚገባ ይናገራል። በውስጡ ምን ሶፍትዌር እንደተጫነ፣ ጸረ ቫይረሱ በትክክል ይሠራ እንደሆነ፣ የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ እንደተጫነ ግን ሊናገር አይችልም። የማዕከል አስተዳደር የንብረት መዝገቡን ከሳጥኑ ውጭ ወደ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባዋል ማለት እንችላለን።

አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ወኪል የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ይጫናል። በማዕከሉ ደግሞ የላፕቶፖቹን ዝርዝርና የመሥሪያ ቤቱን መመሪያዎች የያዘ ሰርቨር ይቀመጣል። ወኪሉ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ወደ ሰርቨሩ ይደውላል፤ ስለ ራሱ ሁኔታ ሪፖርት ያደርጋል፤ አዲስ መመሪያ ካለም ተቀብሎ ይፈጽማል። ጥሪው ከላፕቶፑ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ላፕቶፕ ዛሬ በቢሮ፣ ነገ በመስክ የሚውል ዕቃ በመሆኑ ሰርቨሩ ያለበትን ቦታ ሊያውቅ አይችልም፤ የሰርቨሩ አድራሻ ግን ቋሚ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሌላ ሰው ሰርቨሩን መስሎ ሐሰተኛ ትእዛዝ ቢልክስ? ይህን ለመከላከል ሰርቨሩ በትእዛዞቹ ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል። ፊርማው የሚሠራው በሰርቨሩ ዘንድ ብቻ በሚገኝ ምስጢራዊ ቁልፍ ሲሆን፣ ወኪሉ ደግሞ በይፋ በሚታወቀው ተጓዳኝ ቁልፍ ያረጋግጠዋል። በተፈረመው ትእዛዝ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ እንኳ ማረጋገጫው ይከሽፋል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? እያንዳንዱን ኮምፒዩተር በእጅ ማስተካከል አይቻልምን? ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዝግጅት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ወደ 180,000 የሚጠጉ ታብሌቶችን አስገብቶ ነበር፤ ቆጠራው ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እያንዳንዱን ታብሌት በእጅ ለማዘጋጀት 20 ደቂቃ ይፈጃል ብለን ብናስብ፣ ሥራው 60,000 ሰዓት፣ ማለትም በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ አንድ ባለሙያ 7,500 የሥራ ቀናት ይሆናል። አንዲት ማስተካከያ በተረሳች ቁጥርም ይህ ድካም እንደገና ይጀመራል።

የማሻሻያ ሒሳብ

የማዕከሉ የዘወትር ተግባር የሶፍትዌር ማሻሻያዎችን (አፕዴት) በወቅቱ ማዳረስ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 12 ቀን 2017 የተሠራጨው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ከ200,000 የማያንሱ ኮምፒዩተሮችን ፋይሎች ቆልፎ ለመክፈቻ ገንዘብ ጠይቋል። ፕሮግራሙ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ወር፣ በማይክሮሶፍት ወጥቶ ነበር። መድኃኒቱ ተገኝቶ ሳለ በሽተኛው አልወሰደውም ማለት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 በመቋረጡም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ምን ያህል ኮምፒዩተሮች በዚህ ሥርዓት እንደሚሠሩ ማወቅ ዛሬ አጣዳፊ ሥራ ሆኗል።

በጠባብ የኢንተርኔት መስመር ግን ማሻሻያ ማዳረስ እንዴት ይቻላል? ለምሳሌ ያህል በውርጌሳ 40 ላፕቶፖች ያሉት አንድ ቢሮ እንውሰድ። የማሻሻያው መጠን 500 ሜጋባይት፣ የመስመሩ ፍጥነትም በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይሁን። አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ 500 ሜጋባይት ማለት 4,000 ሜጋቢት ነው፤ አንድ ጊዜ ለማውረድም 2,000 ሰከንድ፣ ማለትም 33 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 40ዎቹ ላፕቶፖች በየፊናቸው ካወረዱት ግን 80,000 ሰከንድ ወይም ከ22 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜም መስመሩ ለሌላ ሥራ አይውልም። ስለዚህ በቢሮው ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ማሻሻያውን በሌሊት አንድ ጊዜ እንዲያወርድና ጠዋት ለሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ እንዲያካፍል ይደረጋል። ችግሩን የሚፈታው ሥርጭቱን ማቀናጀት እንጂ የግድ ፈጣን መስመር መግዛት አይደለም።

የይለፍ ቃል በር ነው፤ ምስጠራ ግን ቋንቋ ነው

ብዙ ተጠቃሚዎች ላፕቶፓቸው ሲከፈት የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ ብቻ ሰነዳቸው የተጠበቀ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ያ የይለፍ ቃል የሚጠብቀው በሩን ነው። ሌባ ሃርድ ዲስኩን በጠመንዢ ፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢያገናኘው፣ በሩን ሳይነካ በግድግዳው በኩል ገባ ማለት ነው፤ ፋይሎቹንም አንድ በአንድ ያነባቸዋል።

ምስጠራ (ኢንክሪፕሽን) ግን ጽሑፉን ራሱን ይለውጠዋል። በዲስኩ ላይ የሚጻፈው እያንዳንዱ መረጃ በአንድ ቁልፍ አማካይነት ትርጉም አልባ ወደሆነ የቁጥር ክምችት ይቀየራል፤ ያለ ቁልፉ አይመለስም። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ስልት ቁልፉ 256 ቢት ሊረዝም ይችላል። ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት 256 ሁለቶችን እርስ በርስ በማባዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ከ1 ቀጥሎ 77 ዜሮዎች ካሉት ቁጥር ይበልጣል። አንድ ቢሊዮን ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቁልፍ ቢሞክሩ እንኳ፣ ሁሉንም ሞክረው ለመጨረስ ከ1 ቀጥሎ 51 ዜሮዎች ካሉት ቁጥር የሚበልጡ ዓመታት ያስፈልጓቸዋል። የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ ግን 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ደካማው ቦታ ያለው ታዲያ ሌላ ዘንድ ነው። ተጠቃሚው ባለ 6 አኃዝ ምስጢር ቁጥር ቢመርጥ፣ የሚቻሉት ቁጥሮች 1,000,000 ብቻ ናቸው። በሰከንድ 1,000 የሚሞክር ፕሮግራም በ17 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳቸዋል። ለዚህ ሲባል በዘመናዊ ላፕቶፖች ላይ ቲፒኤም የተባለ ቺፕ ይገጠማል። ቺፑ ዋናውን ቁልፍ በውስጡ ጠብቆ ያስቀምጣል፤ የተሳሳቱ ሙከራዎች ሲበዙም መልስ መስጠቱን ያቆማል።

እዚህ ላይ የማዕከሉ ሚና ጎልቶ ይታያል። ሠራተኛው ምስጢር ቁጥሩን ቢረሳ ወይም ቺፑ ቢበላሽ፣ ምስጠራው ሌባውን እንደከለከለ ሁሉ ባለቤቱንም ይከለክላል። ስለሆነም ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ መመስጠሪያ ገና ሲጀመር ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ያዘጋጃል። ይህ ቁልፍ በማዕከሉ መዝገብ ካልተያዘ፣ መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን በገዛ እጁ እንደቀበረው ይቆጠራል።

ግንኙነት ሲቋረጥ የሚጸናው የትኛው ነው?

የማዕከል አስተዳደርን የሚሸጡ ኩባንያዎች አዘውትረው የሚያስተዋውቁት የጠፋን ላፕቶፕ ከርቀት ማጥፋትን ነው። ማዕከሉ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ላፕቶፑ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። ይሁንና ቀደም ሲል እንደገለጽነው ወኪሉ ትእዛዝ የሚቀበለው ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ ነው። ሌባው ከኔትወርክ ካላገናኘው፣ ወይም በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ እንደሆነው ስልክና ኢንተርኔት ከተቋረጠ፣ ትእዛዙ መንገድ ላይ ይቀራል። ከርቀት ማጥፋት ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ኔትወርክን የሚለምን ዘዴ ነው። ምስጠራ ግን ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት የተጠናቀቀ ሥራ ስለሆነ ማንንም አይለምንም።

መጠባበቂያ ቅጂም (ባክአፕ) እንዲሁ ነው። የታወቀው ደንብ የአንድ ሰነድ ሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም በሌላ ቦታ ይኑር ይላል። ሌላ ቦታ ሲባል ግን ምን ያህል የራቀ? የወሎ ታሪክ መልሱን ይሰጠናል። ከቃጠሎ ለመዳን ከውርጌሳ ቅጂ ወደ ወልድያ መላክ በቂ ነበር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግን ውርጌሳ፣ መርሳና ወልድያ የአንድ ጎዳና ከተሞች እንደመሆናቸው በአንድ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። የቅጂው ርቀት ከሚፈራው አደጋ ስፋት መብለጥ አለበት፤ አንዱ ቅጂ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መቀመጥ ነበረበት ማለት ነው።

ኔትወርክ በሌለበት ማስተዳደር ፈጽሞ አይቻልም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ሰጥቶ ነበር። ኢንተርኔት ስላልነበረ አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ ወደ መንደሮቹ እየሄደ የታብሌቶቹን ሜሞሪ ካርድ ይለውጥ ነበር፤ ተመራማሪዎቹም የአጠቃቀም መዝገቡን ከካርዶቹ ያነቡ ነበር። ለአንድ ወረዳም ይኸው ይሠራል። ማሻሻያውን ወደ ቀበሌ፣ የተመሰጠረውን ቅጂ ደግሞ ወደ ማዕከል በሃርድ ዲስክ ማመላለስ ይቻላል።

ከዚያው ሙከራ ሌላ ትምህርትም ተገኝቷል። የታብሌቶቹ ካሜራ እንዳይሠራ በሶፍትዌር ተዘግቶ ነበር፤ ሕፃናቱ ግን በአምስት ወር ጊዜ ውስጥ ከፍተው ተገኙ። መቆለፊያ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም። ለምን እንደተቆለፈ ያልተነገረው ተጠቃሚ መክፈቻውን መፈለጉ አይቀርም።

የማዕከሉ ኃይል፣ የማዕከሉ አደጋ

ሁሉንም ላፕቶፖች በአንድ ትእዛዝ መጠገን የሚችል ማዕከል፣ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ሊያበላሽም ይችላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ከሥራ ውጭ አድርጓል። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያነሣውም፣ በብዙ ቦታ ኮምፒዩተሮቹ አንድ በአንድ በእጅ መጠገን ነበረባቸው። የተመሰጠሩት ደግሞ 48ቱን አኃዞች ጠየቁ፤ የቁልፍ መዝገባቸው በተበላሸው ሰርቨር ላይ ብቻ የነበረ መሥሪያ ቤቶችም ተቸገሩ። ስለዚህ ማንኛውም ለውጥ አስቀድሞ በጥቂት ላፕቶፖች ላይ ተፈትኖ፣ ከዚያ በደረጃ ሊዳረስ ይገባል። የቁልፎቹም ቅጂ በወረቀት ታትሞ፣ በታሸገ ፖስታ፣ በሌላ ከተማ ካዝና ቢቀመጥ ኋላ ቀርነት አይባልም።

የሠራተኛውና የተገልጋዩ መብትም አይዘነጋም። ቁጥር 1321/2016 የሆነው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም ለደኅንነቱ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ወኪሉ የሶፍትዌሩን ሁኔታ መሰብሰቡ ተገቢ ነው፤ የሠራተኛውን የግል ደብዳቤ ማንበቡ ግን ከጥበቃ ወደ ስለላ መሻገር ይሆናል።

ከየት እንጀምር?

ከላይ ከተመለከትነው መረዳት እንደሚቻለው፣ ለጥበቃው ዋና ምሰሶ የሚሆኑት ነገሮች ውድ አይደሉም። ቢትሎከር ከዊንዶውስ የሙያ እትሞች ጋር አብሮ ይመጣል፤ በሊኑክስ ላይም ላክስ የተባለው ምስጠራ በነፃ ይገኛል። የላፕቶፖቹን ዝርዝር በአንድ ሠንጠረዥ መያዝ፣ ሁሉንም መመስጠር፣ የማስመለሻ ቁልፎቹን በጥንቃቄ ማኖር፣ ቅጂውን ከአካባቢው አርቆ ማስቀመጥ ለአንድ ወረዳ ቢሮ ከጥቂት ሳምንታት በላይ የሚወስድ ሥራ አይደለም። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎችም በእረፍት ወቅት በየትውልድ ቀያቸው ሊረዱ ይችላሉ።

አንድ የመጨረሻ ፈተና ግን አለ፤ ቅጂው በእርግጥ የሚመለስ መሆኑን ማረጋገጥ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አንድ ባዶ ላፕቶፕ ወስዶ፣ ከራቀው ቅጂ ላይ የይዞታ መዝገቡን መልሶ መክፈት ያስፈልጋል። ከተከፈተ፣ ያ መሥሪያ ቤት ላፕቶፑ ቢወሰድበት የሚያጣው ዕቃ ብቻ ነው።