የመርከብ ባንዲራ ምን ይነግረናል?

 

የዛሬው ትምህርታችን በብሪታንያ መርከቦችና ጀልባዎች ላይ ስለሚውለበለበው ባንዲራ ነው። በትምህርቱ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እናጥና። «ሰንደቅ ዓላማ» እንላለን። «ሰንደቅ» ማለት ዘንግ ወይም በትር ነው። «ዓላማ» ማለት ደግሞ ምልክት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ በዘንግ ላይ የተሰቀለ ምልክት ማለት ይሆናል። ምልክት ደግሞ ይነበባል። እንግዲህ የሚነበበው ፊደል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ባሕር ላይ አጥር የለም፤ የድንበር ድንጋይም የለም። ታዲያ አንድ መርከብ ከሩቅ ብቅ ሲል የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? በባንዲራው ነው። በ1982 የተፈረመው የዓለም የባሕር ሕግ ስምምነት ይህን በግልጽ ደንግጓል። የመርከብ ዜግነት ባንዲራዋን እንዲያውለበልብ የፈቀደችለት አገር ዜግነት ነው። መርከብ የሁለት አገር ባንዲራ እያቀያየረ መጓዝ አይችልም። ባሕር የሌላቸው አገሮችም በባንዲራቸው መርከብ የማሰማራት መብት አላቸው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም፣ የንግድ መርከቦቿ ሰንደቅ ዓላማዋን ይዘው የሚጓዙት በዚሁ መብት ነው።

አሁን ወደ ብሪታንያ እንሂድ። ብሪታንያ በባሕር የተከበበች አገር ናት። በየብስ ላይ የምትሰቅለው ባንዲራ የሦስት መስቀሎች ድርብ ነው። እነዚህም የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ መስቀሎች ናቸው። በባሕር ላይ ግን ሌሎች ሦስት ባንዲራዎች አሏት። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ናቸው። በሦስቱም ላይ፣ ከዘንጉ በኩል ባለው የላይኛው ማዕዘን፣ የየብሱ ባንዲራ በትንሹ ይታያል።

ሦስት የሆኑት ለምንድን ነው? ቀድሞ የብሪታንያ ባሕር ኃይል በሦስት ክፍል የተከፈለ ነበር። የቀይ፣ የነጭና የሰማያዊ ክፍል ይባሉ ነበር። ይህ በጦርነት ጊዜ ግራ ያጋባል። በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት አዛዡ ኔልሰን የነጩ ክፍል አድሚራል ነበር። ምክትሉ ኮሊንግዉድ ደግሞ የሰማያዊው ነበር። ወገን ከወገን እንዳይሳሳት ኔልሰን መርከቦቹ ሁሉ ነጩን እንዲሰቅሉ አዘዘ። በመጨረሻም በ1864 የባሕር ኃይሉ አከፋፈል ቀረና ባንዲራዎቹ እንደ ሥራው ዓይነት ተደለደሉ።

ነጩ ለባሕር ኃይል ሆነ። ሰማያዊው ለመንግሥት አገልግሎት መርከቦች ሆነ። ቀዩ ለንግድ መርከቦችና ለማንኛውም ሲቪል ጀልባ ሆነ። አያችሁ! አሁን ቀለሙን ያየ ሰው የመርከቡን ሥራ ያውቃል።

አንዳንድ የጀልባ ክበቦች ግን ልዩ ፈቃድ አላቸው። ሮያል ያት ስኳድሮን የሚባለው ክበብ ከ1829 ጀምሮ ነጩን ባንዲራ እንዲያውለበልብ ተፈቅዶለታል። ከጀልባ ክበቦች መካከል ይህ መብት ያለው እርሱ ብቻ ነው። ሰማያዊውን ለመስቀል የተፈቀደላቸው ክበቦች ግን ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ፈቃዱ ያለው ሰው ጀልባዋ ላይ ወይም በቅርብ ሆኖ ካልተቆጣጠራት፣ ልዩውን ባንዲራ መስቀል አይፈቀድም። ከባንዲራው ጋር የክበቡ ትንሽ ባንዲራም አብራ መሰቀል አለባት።

«ጨርቅ አይደለም እንዴ? ደስ ያለኝን ብሰቅል ምን አለበት?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሕጉ እንዲህ አያይም። የ1995 የብሪታንያ የንግድ መርከብ ሕግ ያልተፈቀደለትን ባንዲራ የሰቀለ ሰው ይቀጣል ይላል። የየብሱን ባንዲራ ሲቪል ጀልባ ላይ መስቀልም ክልክል ነው። የጦር መኮንን ወይም የጉምሩክ ሠራተኛ መርከቡ ላይ ወጥቶ ባንዲራውን ሊወስድ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያልተሰጠውን ባንዲራ የሰቀለ ሰው «የመንግሥት ነኝ» ወይም «የባሕር ኃይል ነኝ» ብሎ እንደ ዋሸ ይቆጠራል።

መደበቅም አይፈቀድም። ከዓሣ አጥማጅ መርከብ በቀር ማንኛውም የብሪታንያ መርከብ ባንዲራውን የግድ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። አንደኛ፣ የአገሩ የጦር መርከብ በምልክት ሲጠይቀው። ሁለተኛ፣ ወደ ውጭ አገር ወደብ ሲገባና ሲወጣ። ሦስተኛ፣ መርከቡ 50 ቶንና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ብሪታንያ ወደብ ሲገባና ሲወጣም ጭምር። ይህን ያላደረገ ካፒቴን እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል።

ከሕጉ ሌላ ወግ አለ። ወግ ማለት ሕግ ባያስገድድም ሰው የሚያከብረው ሥርዓት ነው።

ባንዲራው የሚሰቀለው በመርከቡ የኋላ ጫፍ ነው። የክብር ቦታው እርሱ ነው። ወደብ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሰቀላል። በክረምታቸው፣ ከኖቬምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 14፣ 3 ሰዓት ላይ ይሰቀላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። በበጋ ፀሐይዋ ከዘገየች ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይወርዳል። ሰዓቱን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው። የተቀደደ ወይም የነተበ ባንዲራ መስቀል ነውር ነው።

ሰላምታም አለ። ሲቪል ጀልባ በጦር መርከብ አጠገብ ሲያልፍ ባንዲራውን ዝቅ ያደርጋል። የጦር መርከቡም የራሱን ዝቅ አድርጎ መልሶ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ጀልባው የራሱን ከፍ ያደርጋል። እኛ ስንሰላለፍ ጎንበስ እንደምንለው ማለት ነው።

እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን ያከብራል። የብሪታንያ ጀልባ ወደ ፈረንሳይ ወደብ ቢገባ፣ የራሱን ባንዲራ ከኋላ እንደ ሰቀለ ትንሽ የፈረንሳይ ባንዲራ በምሰሶው ቀኝ በኩል ይሰቅላል። የውጭ መርከብ ወደ ብሪታንያ ሲገባስ የትኛውን ይሰቅላል? ብዙ ሰው የየብሱን ይመስለዋል። አይደለም፤ ቀዩን ነው።

ይህ ቀይ ባንዲራ ብዙ ሕይወት የተከፈለበት ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ለብሪታንያ ሕዝብ እህልና ነዳጅ ያመላለሱት እርሱን የያዙት የንግድ መርከቦች ናቸው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ብዙዎቹን አሰጠሙ። ለንደን ውስጥ ታወር ሂል በሚባለው ቦታ ከ35,000 በላይ የባሕር ሠራተኞች ስም ተጽፏል። መቃብራቸው አይታወቅም፤ ባሕር ውጧቸዋል። ስማቸውን ግን ማንበብ የሚችል ሁሉ ያነበዋል። ከ2000 ጀምሮም በየዓመቱ ሴፕቴምበር 3 ቀን የንግድ መርከበኞች ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን ቀዩ ባንዲራ በየብስም በሕዝብ ሕንፃዎች ላይ ይሰቀላል።

እንግዲህ ባንዲራ የማን እንደሆንን፣ ማን እንደሚጠየቅልን ይናገራል። ስለዚህ በእውነት መሰቀል አለበት፤ በክብርም መያዝ አለበት።

አሁን መጽሐፋችሁን ዝጉና እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ።

1. «ሰንደቅ» ማለት ምን ማለት ነው?
2. ነጩ ባንዲራ የማን ነው? ቀዩስ?
3. ያልተፈቀደለትን ባንዲራ የሰቀለ ሰው ለምን ይቀጣል?
4. እንግዳ መርከብ ብሪታንያ ሲደርስ የትኛውን ባንዲራ ይሰቅላል?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት። እስከሚቀጥለው ትምህርት ደኅና ሰንብቱ።