የሐይቅ ዓሣ እንዴት ይቆጠራል?

በግ ቢሆን ማታ ሲገባ በበረቱ በር ላይ ቆሞ መቁጠር ይቻላል። ዓሣ በር የለውም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በዚያ ውኃ ውስጥ ያለውን ቆሮሶ የተባለ ዓሣ አንድ በአንድ የቆጠረ የለም፤ የሚቆጥርም አይመጣም። የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎች ግን ስለ ብዛቱ ይናገራሉ፤ ጨመረ፣ ቀነሰ ይላሉ። በምን አውቀው?

አንደኛው መንገድ የዴንማርኩ ተመራማሪ ፒተርሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በባሕር ዓሣ ላይ የሠራበት ነው። 200 ዓሣ ተይዞ ክንፉ ላይ ምልክት ተደርጎበት ተለቀቀ እንበል። ከጊዜ በኋላ መረብ ተጥሎ 150 ዓሣ ተያዘ፤ ከእነዚህ ውስጥ 10ሩ ምልክት አለባቸው። ከተያዙት 15 ዓሦች አንዱ ምልክት ያለው ከሆነ፣ 200ዎቹም ከጠቅላላው ዓሣ አሥራ አምስተኛው እጅ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ በሐይቁ 3,000 ዓሣ አለ ተብሎ ይገመታል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ቅድመ ሁኔታው ነው። ምልክት ያለባቸው ዓሦች ቆስለው ከሞቱ፣ በሁለተኛው መረብ የሚገኙት ጥቂት ስለሚሆኑ ግምቱ ከእውነቱ በላይ ይሄዳል። በሁለቱ ቀናት መካከል ዓሣ ከሌላ ቦታ ከገባ ወይም ከወጣም ስሌቱ ይበላሻል። እዚህ ላይ ሐይቅ ጥሩ መሞከሪያ ነው፤ በአንከርካ ወንዝ በኩል ከአርዲቦ ሐይቅ ውኃ ይቀበላል እንጂ ከራሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም።

በተግባር ግን ምልክት ማድረጉ ውድ ስለሆነ የሚበዛው ሥራ ከአስጋሪው ጀልባ ላይ ይጀምራል። ትናንት 10 መረብ ተጥሎ 100 ዓሣ ከተያዘ፣ ዛሬ ደግሞ 20 መረብ ተጥሎ 120 ከተያዘ፣ ገበያው ላይ የዛሬው ዓሣ ይበዛል። ለባለሙያው ግን በአንድ መረብ የሚያዘው ከ10 ወደ 6 ወርዷል፤ ይህ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ስንት ኪሎ ተያዘ የሚለውን ብቻ የሚያሰፍር መዝገብ፣ ስንት መረብ ስንት ሰዓት ውኃ ውስጥ እንደቆየ ካልጻፈ፣ በእኔ ዓይን ግማሹ የጎደለ ነው።

በአንድ መረብ የሚያዘውን ማስላትም ቢሆን ያታልላል። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎጆውን ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። በመራቢያ ጊዜ ዓሣው ዳር ላይ ሲሰበሰብ መረቡ ሞልቶ ይወጣል፤ መሐሉ እየሳሳ እንኳ አስጋሪው “ዓሣ አለ” ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያው ብዛቱን ከቁመቱ ጋር የሚያየው። በየዓመቱ የሚያዘው ዓሣ እያጠረ ከመጣ፣ ትልልቆቹ ቀድመው ተለቅመዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

የሐይቅን ነገር የተለየ የሚያደርገው ግን ቆሮሶ የጥንት ነዋሪ አለመሆኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ ነው። ዓሣው ሲበዛ የሆነውን የመዘገበው ውኃው ራሱ ነው። ባለሙያዎች የውኃን ጥራት የሚለኩት በገመድ በሚወርድ ክብ ሳህን ነው፤ ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1938 የጣሊያን ተመራማሪዎች ሲለኩት እስከ 9 ሜትር ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ግን ወደ አንድ ሜትር ገደማ ወርዶ ነበር። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው፦ በዓይን እምብዛም የማይታዩት ተንሳፋፊ እንስሳት አልጌውን ይበሉ ነበር፤ ቆሮሶው እነሱን ሲበላ አልጌው በዛ፣ ውኃውም አረንጓዴ ሆነ። አንድም ዓሣ ሳይቆጠር የአንድ እንስሳ መብዛት እንዲህ ሊታይ ይችላል። በኋላ ደግሞ ታደሰ ፈታሂና ባልደረቦቹ ማን ማንን እንደሚበላ በሒሳብ አስልተው የሐይቁን የምግብ ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል።

የዓሣው መያዣ የሆነው ሐይቁ ራሱም ይለዋወጣል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ውኃው ሲሸሽ ዓሣው የሚራባበት ዳርቻም አብሮ ይሸሻል፤ ስለዚህ የዓሣ ቁጥር ከውኃው ልክ ተነጥሎ አይነበብም።

በስሜን ተራሮች ዋልያን የሚቆጥሩ ሰዎች እንስሳውን በዓይናቸው ስለሚያዩት ከዓሣ ቆጣሪዎች ይልቅ ዕድለኞች ናቸው፤ ቦታ ተከፋፍለው፣ የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው ገደሉን ያያሉ። እነሱም ቢሆኑ አንዱን መንጋ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥሩ ሰዓታቸውን ማናበብ አለባቸው።

ለሐይቅ አስጋሪዎች አንድ ነገር ማለት ይቻላል፦ ደብተር ይኑራችሁ። ቀኑን፣ የመረቡን ቁጥርና የዓይኑን ስፋት፣ ውኃ ውስጥ የቆየበትን ሰዓት፣ የተያዘውን ዓሣ ብዛትና የጥቂቶቹን ቁመት ጻፉ። አንባቢም “የዚህ እንስሳ ቁጥር ይህን ያህል ነው” ሲባል ቢሰማ፣ መቼና በምን ዘዴ እንደተቆጠረ፣ ያለፈውም ቆጠራ በዚያው ዘዴ መሠራቱን ይጠይቅ።