ቀለም በሚረጭበት ቤት ሳንባን ስለ መጠበቅ

በከተሞቻችን የብረት በር፣ አልጋ፣ ወንበርና የመኪና አካል በብሩሽ ብቻ ሳይሆን በኮምፕሬሰር አየር እየተረጨ ይቀባል። በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍልም በጣሳ የታሸገው የሚረጭ ቀለም አንዳንድ ጊዜ ይሠራበታል። ሥራው ፈጣን፣ መልኩም ያማረ ነው። ነገር ግን ብዙ ሠራተኞች በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይረጫሉ፤ ማታም «መርዙን ያወጣልናል» በማለት ወተት ይጠጣሉ። ይህ እምነት የሚያሳስት ስለሆነ ምክንያቱን መግለጽ ተገቢ ነው።

ሰው የሚጠጣው ወተት ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ የሚተነፍሰው አየር ግን ወደ ሳንባ ይገባል። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ይሁን እንጂ ሳንባን አያጥብም፤ ከሳንባ ወደ ደም ያለፈውንም መርዝ አያወጣም።

ቀለም ሲረጭ ሁለት ነገሮች ከአየር ጋር ይደባለቃሉ። አንደኛው እንደ ጉም ያለ ደቃቅ ጠብታ ነው። ከጠብታዎቹም ከ10 ማይክሮን፣ ማለት ከሚሊሜትር መቶኛ ክፍል የሚያንሱት፣ በአፍንጫ ሳይያዙ ወደ ውስጥ ሊዘልቁ ይችላሉ። ሁለተኛው የቲነር ትነት ነው። ይህም በደም በኩል ወደ አንጎል ደርሶ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገምም ነርቭን ይጎዳል። ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ ለመኪና የሚውለው ቀለም ብዙ ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ቅመም ስላለበት የአስም በሽታ ሊያስይዝ ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1989 እ.ኤ.አ. የቀለም ቀቢነትን ሥራ ካንሰር ከሚያመጡ ሥራዎች መደብ ውስጥ አግብቶታል።

ስለዚህ የሚከተለውን ጥንቃቄ ማድረግ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ስለ አየር። አንድ መስኮት መክፈት አይበቃም፤ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለት ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ንጹሕ አየር ከሠራተኛው ጎን ወይም ጀርባ ገብቶ፣ በሚቀባው ዕቃ ላይ አልፎ ወደ ውጭ ይውጣ። ሠራተኛው በዕቃውና በአየሩ መውጫ መካከል ከቶ አይቁም። የቲነር ትነት ከአየር የከበደ በመሆኑ ወደ ወለል ስለሚወርድ፣ ከፍ ካለ መስኮት ይልቅ እስከ ወለል የሚከፈት በር ይሻላል። ትነቱ በእሳት ስለሚቀጣጠል ከሰል፣ ሲጋራና ብልጭታ ሊያወጣ የሚችል ተራ ቬንትሌተር በአጠገቡ አይኑር። ቀለሙ ሲደርቅም መትነኑን ስለሚቀጥል ክፍሉ ቶሎ አይዘጋ፤ ሰውም አይተኛበት። በትምህርት ቤት መርጨት ቢያስፈልግ ከልጆች ርቆ በሜዳ ይደረግ።

2ኛ/ ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ። ነጠላም ሆነ ጨርቅ ትነትን አያግድም። የአቧራ ማስክም ጠብታውን ቢይዝ ትነቱን ያሳልፋል። የሚያስፈልገው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፣ የጠብታ ማጣሪያና ትነት የሚይዝ ልዩ ከሰል ያለበት ማስክ ነው። ጢም ያለው ሰው ካልተላጨ አይገጥምለትም። መግጠሙን ለማወቅ ማጣሪያዎቹን በመዳፍ ከድኖ ወደ ውስጥ መተንፈስ ነው፤ ማስኩ ወደ ፊት ከተሳበ ደኅና ነው። የቲነር ሽታ ከተሰማ ማጣሪያው መለወጥ አለበት። ከሥራ በኋላም በሚዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፤ ተገልጦ ቢያድር ከሰሉ በከንቱ ያልቃል። አይሶሳያኔት ግን በሽታ ስለማያስጠነቅቅ፣ ንጹሕ አየር በቧንቧ የሚያመጣ ማስክ የሌለው ሰው ይህን ቀለም ባይረጭ ይሻላል።

3ኛ/ ስለ መጀመሪያ ርዳታ። ሠራተኛውን ቢያዞረው ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ልብሱን ማላላትና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ መስጠት ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ስለሚችል አደገኛ ነው።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፣ ተማሪዎችም በዚህ ሥራ ለሚተዳደሩ ወላጆቻቸው ቢያስረዱ ብዙ ሰው ከጉዳት ይድናል። ለወተት የሚወጣው ገንዘብም ማጣሪያ ቢገዛበት ለሳንባ ይበልጥ ይጠቅማል።